ንጉሡ በአገልጋይ ልብስ፦ ስለ ዳግማዊ ቻርልስ ማምለጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰውየው ማን ነው? ከማንስ ነው የሸሸው?

የ21 ዓመት ወጣት ነው። አባቱን ቀዳማዊ ቻርልስን የፓርላማው ወገን በጃንዋሪ 1649 አደባባይ ላይ አንገቱን ቀላው። እንግሊዝ ንጉሥ አያሻኝም ብላ ሪፐብሊክ ሆነች። ስኮትላንዶች ግን በጃንዋሪ 1 ቀን 1651 ለልጁ ዘውድ ጫኑለት። እሱም ጦር አስከትሎ የአባቱን ዙፋን ሊያስመልስ ወደ እንግሊዝ ወረደ። ሕዝቡ ተነስቶ ይከተለኛል ብሎ ነበር። ሕዝቡ ቤቱ ተቀመጠ።

በሴፕቴምበር 3 ቀን 1651 ዉስተር ከተማ ላይ የፓርላማው ጦር አዛዥ የኦሊቨር ክሮምዌል ጦር ገጠመው። የክሮምዌል ሰው ወደ 28,000 ይጠጋል፤ የንጉሡ 16,000 እንኳ ቢሞላ ነው። አመሻሽ ላይ ነገሩ አለቀ። ቻርልስ በከተማዋ ሰሜናዊ በር ወጥቶ በፈረስ ጋለበ። ፓርላማው ለያዘው 1,000 ፓውንድ እሰጣለሁ አለ። ያኔ ይሄ ገንዘብ አንድ የቀን ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ ቢለፋ የማያገኘው ነው። የደበቀው ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ሞት ነበር።

ንጉሥን «እሱ» ማለት የሚከብዳችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ልጁ 21 ዓመቱ ነው። በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ደግሞ በአደባባይ አንቱ ያለው ሰው የለም።

ለምን ወደ ስኮትላንድ አልተመለሰም?

አብረውት የሸሹት መኳንንት እንደዚያ ነበር የፈለጉት። እሱ ግን እንቢ አለ። የተሸነፈ ጦር ወደ አገሩ የሚሄድበት መንገድ እንደሚታወቅ፣ እዚያም እንደሚጠበቅ ገባው። ልክ ነበር፤ በዚያ መንገድ የሄዱት አብዛኞቹ ተያዙ። ስለዚህ ከአጃቢዎቹ ተለየና ጥቂት ሰው ይዞ ቀረ። መኳንንቱን ወዴት እንደሚሄድ እንዳይጠይቁት አደረገ። ካላወቁ ተገርፈውም አያወጡም።

መጀመሪያ የተጠለለው የት ነው?

ዋይት ሌዲስ የሚባል ቤት፣ ቀጥሎም እዚያው አጠገብ ያለው ቦስኮቤል። ሁለቱም ጊፋርድ የሚባሉ የካቶሊክ ባለርስቶች ንብረት ናቸው። ቤቱን የሚጠብቁት ፔንደረል የሚባሉ አምስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ዊልያም፣ ጆን፣ ሪቻርድ፣ ሀምፍሪና ጆርጅ። ጭሰኞች፣ እንጨት ቆራጮች፣ የወፍጮ ሰዎች።

ካቶሊክ መሆናቸው እዚህ ጋ ትልቅ ነገር ነው። በእንግሊዝ የካቶሊክ ቄስ መሆን በሕግ የሚያስገድል ወንጀል ነበር። ስለዚህ እነዚህ ቤተሰቦች ሰው መደበቅ ከአያት ከቅድመ አያት የለመዱት ሥራ ነው። ወለል ሥር፣ ጭስ ማውጫ አጠገብ፣ ደረጃ ሥር ቄስ የሚሸሸግባት ጉድጓድ አላቸው። ልጆቻቸው ወታደር በር ሲያንኳኳ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። ንጉሡ ዕድለኛ ነበር ይባላል። እኔ ግን ዕድሉ እዚህ ጋ ብቻ ነው እላለሁ፤ አፋቸውን መዝጋት የለመዱ ሰዎች እጅ ወደቀ።

መልኩን እንዴት ቀየረ?

ልብሱ ቀላል ነበር። ሐር ልብሱን አወለቁት፤ ሻካራ የተልባ እግር ሸሚዝ፣ ያረጀ የቆዳ ሰደርያ፣ አረንጓዴ ሱሪና ቅባት የጠገበ ቆብ አለበሱት። ረጅም ጥቁር ፀጉሩን በመቀስ ቆረጡት። ፊቱን በጥላሸት አሹት። በኋላ ደግሞ እጁን በዋልነት ዛፍ ቅጠል ጭማቂ አጠቆሩለት፤ የነጣ ለስላሳ እጅ ያለው እንጨት ቆራጭ የለማ።

መቀየር ያልቻሉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቁመቱ ነው። 1 ሜትር ከ88 ገደማ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይሄ ከሩቅ የሚታይ ሰው ነው። የፓርላማው ማስታወቂያም መጀመሪያ የሚጠቅሰው ቁመቱንና የፀጉሩን ጥቁረት ነበር።

ሁለተኛው እግሩ ነው። ለእሱ እግር የሚሆን የገበሬ ጫማ አልተገኘም። ያገኙት ጠበበው። ጎንና ጎኑን በቢላ ተረተሩለት። በዝናብ ርሶ ድንጋይና ጭቃ እየገባበት እግሩ ደማ። ጫማው እንዳይፈገፍገው ሰው አዝኖለት የተጠቀለለ ወረቀት በጣቶቹ መካከል ሰክቶለት ነበር፤ ወረቀቱ ብሶ ፈገፈገው። ከቀናት በኋላ ሞዝሊ የሚባል ቤት ሲደርስ ጆን ሃድልስተን የሚባል ቄስ ጎንበስ ብሎ እግሩን አጠበለት። ይሄን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሪቻርድ ፔንደረል ደግሞ አረማመድና አነጋገር አስተማረው። የአገሬውን ዘዬ ቶሎ ያዘ። አረማመዱ ነው ያስቸገረው። ልጅነቱን ሁሉ ሰው ገለል እያለለት የሄደ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ፣ እግሩን እየጎተተ መሄድ አያውቅም።

ወደ ዌልስ ሊሄድ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። የመጀመሪያው ሐሳብ የሰቨርንን ወንዝ ተሻግሮ ዌልስ መግባት ነበር። ሴፕቴምበር 4 ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ዝናብ ሲወርድበት ዋለ። ሌሊቱን ከሪቻርድ ጋር በእግር ተነሱ። ጨለማው ዓይን ያወጣል። ንጉሡ መንገዱን የተከተለው በጆሮው ነው፤ ሪቻርድ የለበሰው የጥጃ ቆዳ ሱሪ ሲንሿሿ እየሰማ።

አንድ ወፍጮ ቤት ጋ ሲደርሱ ባለወፍጮው «ማነው!» አለ። «ጎረቤት ከሆናችሁ ቁሙ!» ሁለቱም እግሬ አውጪኝ ብለው ጭቃ በዋጠው መንገድ ሮጡ። በኋላ እንደታወቀው ባለወፍጮውም የንጉሡን ወታደሮች ደብቆ ፈርቶ ነበር። ፈሪ ፈሪን አሯሯጠ ማለት ነው።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ መሻገሪያው ሁሉ በወታደር ተይዟል። ቀኑን ጎተራ ውስጥ ውለው ተመለሱ። ሲመለሱ መንገዱ ላይ ንጉሡ ሁለት ሦስቴ መሬት ላይ ተዘረረ። ይበቃኛል፣ እዚሁ ይያዙኝ አለ። ሪቻርድ ትንሽ ነው የቀረው እያለ አባብሎ አስነሳው። አንድ ወንዝ ጋ ግን ተራው ተቀየረ። ሪቻርድ ዋና አይችልም ነበር። ንጉሡ እጁን ይዞ አሻገረው።

እውነት ዛፍ ላይ ተደብቋል?

ተደብቋል። ሴፕቴምበር 6 ቀን፣ ቦስኮቤል ቤት አጠገብ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ የኦክ ዛፍ ላይ። አብሮት ኮሎኔል ዊልያም ኬርለስ ነበር። ዳቦ፣ አይብና ቢራ ይዘው ወጡ። ከላይ ሆነው ወታደሮች ጫካውን ሲበረብሩ ያዩ ነበር።

ንጉሡ ለሁለት ሌሊት አልተኛም። ራሱን ኬርለስ ክንድ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው። የኬርለስ ክንድ ደነዘዘ። ቢንሸራተት ሁለቱም ይወድቃሉ። ጮክ ብሎ ቢቀሰቅሰው ከሥር ያሉት ይሰማሉ። ቆነጠጠው። የእንግሊዝን ንጉሥ ቆንጥጦ መቀስቀስ የደረሰው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ማታ ወርደው ንጉሡ ቤቱ ሰገነት ላይ ባለችው የቄስ መደበቂያ ውስጥ ተኮራምቶ አደረ። ጠዋት የበግ ሥጋ አማረው። ኬርለስ ሄዶ ከጎረቤት በረት አንድ በግ ጎትቶ አረደ። ንጉሡ ራሱ መጥበሻ ይዞ ጠበሰው።

ቀሪውን መንገድ እንዴት ተጓዘ?

ከቦስኮቤል ወደ ሞዝሊ በሀምፍሪ የወፍጮ ፈረስ ሄደ። ከዚህ የደከመ ፈረስ አይቼ አላውቅም ብሎ አማረረ። ሀምፍሪም «ጌታዬ፣ ሦስት መንግሥት ተሸክሞ ቢደክም ይፈረድበታል?» አለው። እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና አየርላንድን ማለቱ ነው።

ሞዝሊም አላረፈም። ወታደሮች ባለቤቱን ቶማስ ዊትግሬቭን ዉስተር ተዋግተሃል ብለው ሊይዙት መጡ። ንጉሡ ጉድጓዷ ውስጥ ተወሸቀ። ዊትግሬቭ በሩን ሁሉ ብርግድ አድርጎ ወጣና ደጅ ላይ አናገራቸው። ጎረቤቶቹ ታሞ ነው የከረመው ብለው መሰከሩለት። ቤቱን ሳይፈትሹ ሄዱ።

ከዚያ ነው ጄን ሌን የምትመጣው። የአንድ ኮሎኔል እህት ነች። ብሪስቶል አጠገብ አቦትስ ሊ የምትባል ቦታ ያለች እርጉዝ ጓደኛዋን ለመጠየቅ የይለፍ ወረቀት ነበራት። ወረቀቱ አንድ አገልጋይ ጨምሮ ይላል። ያ አገልጋይ ንጉሡ ሆነ። ስሙ ዊልያም ጃክሰን፣ የጭሰኛ ልጅ። እሷ ከኋላው አንድ ፈረስ ላይ ተፈናጣ ሄዱ።

አገልጋይ መሆኑ አላስነቃበትም?

ሊያስነቃበት ነበር፣ ደጋግሞ። ገና ሲነሱ እመቤቲቱን ፈረስ ላይ ሊያወጣት የተሳሳተውን እጅ ዘረጋ። አሮጊቷ የጄን እናት ምኑን ነው ያመጣሽው ብላ ሳቀች። ማን እንደሆነ አልተነገራትም ነበር።

ብሮምስግሮቭ ላይ የፈረሱ ጫማ ወለቀ። አገልጋይ ነውና ወደ ባለእጅ ወሰደው። የፈረሱን እግር ይዞለት፣ ወሬ ምን አለ ብሎ ጠየቀው። ባለእጁ ስኮትላንዶቹ ተደበደቡ፣ ያ ወሮበላ ቻርልስ ስቱዋርት ግን አልተያዘም አለ። ንጉሡም እሱማ ከተያዘ ከሁሉም በፊት ሊሰቀል የሚገባው እሱ ነው፣ ስኮትላንዶቹን ያመጣብን እሱ አይደል አለ። ባለእጁ የጨዋ ሰው ንግግር ነው ብሎ አመሰገነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የወጥ ቤቱን ነው። ሎንግ ማርስተን በምትባል መንደር ያደሩበት ቤት ማዕድ ቤት ገባ። ወጥ ቤቷ ጥብስ የሚያዞረውን መዘውር ጠምዝዝልኝ አለችው። ሞከረ። አልሆነለትም። በተገላቢጦሽ ያዘው። «ከየት አገር ብትመጣ ነው ይሄን የማታውቅ?» ብላ ተቆጣች። እሱም «የድሃ ጭሰኛ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ጥብስ የሚበላው ስንቴ ነው? ሲኖርም በመዘውር አንጠብስም» አላት። እዩት እንግዲህ። ንጉሥ ስለሆነ ያላወቀውን ድሃ ስለሆንኩ ነው ያላወቅኩት አለ። አመነችው።

የነቃ ሰው አልነበረም?

ነበሩ፣ ብዙ። አቦትስ ሊ ቤት ውስጥ ፖፕ የሚባለው የመጠጥ አዛዥ ለይቶ አወቀው። አላወጣም፤ ጭራሽ መርከብ ሊፈልግለት ወጣ። ግን ከብሪስቶል ለአንድ ወር ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ መርከብ አልነበረም።

ያ ሁሉ ሽልማት እያለ ለምን አልጠቆሙም ይባላል። አንዳንዱ ንጉሡን ወዶ ነው። አንዳንዱ እንግዳዬን አሳልፌ አልሰጥም ብሎ ነው። አንዳንዱም የፓርላማው ግብርና ወታደር መሮት ነው። ሁሉም ግን ንጉሡን የሚወድ እንዳይመስላችሁ። ትሬንት የምትባል መንደር ውስጥ ኮሎኔል ዊንደም ቤት ተደብቆ ሳለ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ምንድን ነው ብሎ ላከ። መንደርተኛው ንጉሡ ተገደለ የሚል ወሬ ሰምቶ እየጨፈረ ነበር።

ለምን ስድስት ሳምንት ፈጀ? ከትሬንት ባሕሩ ቅርብ አልነበረም?

ቅርብ ነበር። ቻርማውዝ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ላይ ስቴፈን ሊምብሪ የሚባል ባለጀልባ ሊወስደው ተስማማ። ሴፕቴምበር 22 ማታ እዚያ ማደሪያ ቤት ገቡ። ቤተሰብ ሳያውቅ ለመጋባት የኮበለሉ ሙሽሮች ነን ተባለ። ሙሽሮቹ ሲጠብቁ ጀልባው ቀረ።

ሚስት ናት ያስቀረችው። ገበያ ውላ አዋጁን ሰምታለች። ባሏ በሌሊት ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ጠረጠረች። ክፍሉ ውስጥ ቆለፈችበት። እሱም ለጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ።

ጠዋት ደግሞ የባሰ መጣ። አንድ ባለእጅ ከንጉሡ ጋር ከሸሸው ከሎርድ ዊልሞት ፈረስ ጫማዎች ውስጥ የተወሰኑት በሰሜን የተሠሩ፣ አንዱም የዉስተር መሆኑን አየ። የማደሪያው ፈረስ ጠባቂ ነገሩን ለመንደሩ ቄስ ሊናገር ሮጠ። ቄሱ የጠዋት ጸሎት ላይ ነበሩ። እስኪጨርሱ ጠበቀ። ያቺ ጊዜ ናት ንጉሡን ያተረፈችው።

እሱ ብሪድፖርት ገብቶ ነበር። ከተማዋ ቀይ የለበሰ ወታደር ሞልቷታል። ማፈግፈግ ያስጠረጥራል ብሎ ፈረሱን እየጎተተ መሐላቸው ገባ። ወታደሮቹ ገፊ አገልጋይ ብለው ሰደቡት። ከከተማ ወጥተው ወደ አንድ ጠባብ መንገድ ታጠፉ፤ አሳዳጆቹ በዋናው መንገድ አለፉ።

ማታ ብሮድዊንዘር ላይ ፎቅ ላይ ተኝቶ ሳለ 40 ወታደር ሊያድር መጣ። አብራቸው ያለች ሴት ምጥ ያዛት፤ ወለደች። የመንደሩ ሰው ልጁን ማን ያሳድጋል፣ እኛ ላይ ሊጣል ነው ብሎ ሌሊቱን ከወታደሮቹ ጋር ሲጨቃጨቅ አደረ። ፎቅ ላይ ማን እንዳለ ማየት የታሰበው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ ትሬንት ተመልሶ ሳምንት በላይ ተሸሸገ። በኦክቶበር ወደ ምሥራቅ ዞረ። ሳልዝበሪ አጠገብ ሳለ ቀን መግደያ ስቶንሄንጅን ሄዶ ጎበኘ። ድንጋዮቹን ሁለቴ ቢቆጥሯቸው አንድ ዓይነት ቁጥር አይመጣም ይባል ነበር፤ ቆጠራቸው፣ አንድ ዓይነት መጣ።

በመጨረሻ ማን አሻገረው?

ኒኮላስ ታተርሰል የሚባል የድንጋይ ከሰል ጫኝ ካፒቴን። ክፍያው 60 ፓውንድ። ኦክቶበር 14 ማታ ዛሬ ብራይተን የምትባለው ያኔ ግን የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረችው ቦታ ላይ ተገናኙ። ታተርሰል እያየው ቆየና መርከቡን የተከራየውን ነጋዴ ፍራንሲስ ማንሰልን ለብቻው ጠርቶ አጭበርበርከኝ አለው። ንጉሡ ከዓመታት በፊት መርከቡን ይዞበት ለቆለት ነበርና ፊቱን ያውቀዋል። ዋጋ ጨመረ እንጂ አልከዳም።

ንጋት ላይ ከሾረም ተነሱ። መርከበኞቹ እንዳይጠረጥሩ ንጉሡ ሄዶ ዕዳ ያስኮበለለኝ ነጋዴ ነኝ፣ ፈረንሳይ ገንዘብ አለኝ፣ ካፒቴኑን ለምኑልኝ አላቸው። መጠጫም ጣል አደረገላቸው። ዕዳ ሸሽቶ የማያውቅ መርከበኛ የት አለ፤ አዘኑለት። በማግስቱ ፈረንሳይ ፌካም ወረደ። ሩዋን ሲደርስ ልብሱ እጅግ ከመጎሳቆሉ የተነሳ ያረፉበት ቤት ሰዎች የሰረቁት ዕቃ እንዳለ ክፍሎቹን ዞረው አዩ።

ቀኖቹ በሙሉ በዘመኑ የእንግሊዝ አቆጣጠር ናቸው። እንግሊዝ ያኔ ከፈረንሳይ 10 ቀን ወደ ኋላ ነበረች። ስለዚህ ሲሻገር አሥር ቀንም ዘለለ። ለእኛ ሰው ይሄ አይገርመውም።

አብሮት የሸሸው ሎርድ ዊልሞትስ ምን መስሎ ተጓዘ?

ራሱን። ልብስ መቀየር አያምርብኝም ብሎ እንቢ አለ። ያደረገው ነገር ቢኖር እጁ ላይ የአደን ጭልፊት አስቀምጦ መሄድ ብቻ ነው። አልተያዘም።

ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ስደት ጋር ይመሳሰላል?

አይመስለኝም። ጃንሆይ በሜይ 1936 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1928 መጨረሻ ላይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ከነቤተሰባቸውና ከነመኳንንታቸው፣ በግልጽ ነው። ከዚያም የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ ወሰዳቸው። የሚያገናኝ ነገር ካስፈለገ ቦታው ነው። ጃንሆይ የስደት ዓመታቸውን ያሳለፉባት ባዝ ከተማና ዊልያም ጃክሰን የተደበቀባት አቦትስ ሊ ጎረቤታሞች ናቸው።

ይሄን ሁሉ ዝርዝር በምን አወቅን?

ራሱ ስለማይሰለቸው። ፈረንሳይ እንደገባ የረዱትን ላለማስገደል የውሸት መንገድ ነበር የሚያወራው። በሜይ 1660 ዙፋኑን ሊይዝ በመርከብ ሲመለስ ግን እውነተኛውን ተናገረ። መርከቧ ላይ የነበረው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊው ሳሙኤል ፒፕስ ሰማው። በ1680 ንጉሡ እንደገና ቁጭ ብሎ ሲያወራለት ፒፕስ በአጭር ጽሕፈት ቃል በቃል ወሰደው። ዊትግሬቭና መርከቡ እንዲገኝ የረዳው ኮሎኔል ጉንተርም የየራሳቸውን ጽፈዋል። አንዳንድ ቦታ አይገጣጠሙም፤ ዋናው ግን ይገጥማል።

የረዱትን አልረሳም?

አልረሳም። ለፔንደረሎቹ ለትውልድ የሚተላለፍ የጡረታ አበል ቆረጠላቸው፤ ለጄን ሌን በዓመት 1,000 ፓውንድ። ታተርሰልም አበሉን አገኘ፤ የከሰሏ መርከብ ተገዝታ የንጉሥ ማምለጫ የሚል ስም ወጣላት። የኦክ ዛፉ ግን ዕድል አልቀናውም። ወዳጅ ሁሉ ለማስታወሻ እየቆረጠ ጨረሰው። ዛሬ ቦስኮቤል ብትሄዱ የምታዩት ዘሩን ነው።

የቄስ ሃድልስተንስ መጨረሻ?

ንጉሡ ከተመለሰ በኋላ ቤተ መንግሥት ውስጥ በንግሥቲቱ ጥላ ሥር ኖሩ። በፌብሩዋሪ 1685 ቻርልስ ሞት አልጋ ላይ ሆኖ በሚስጥር ካቶሊክ መሆን ፈለገ። የካቶሊክ ቄስ ንጉሡ መኝታ ቤት ሲገባ ቢታይ አገር ይታመሳል። ስለዚህ አዛውንቱን ሃድልስተንን ሰው ሠራሽ ፀጉር አጠለቁላቸው፣ የፕሮቴስታንት ቄስ ቀሚስ ደረቡላቸውና በጓሮው ደረጃ ወደ መኝታ ቤቱ አስገቧቸው።